የናጋቶ መነጽር

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2006 «የሃሩሂ ሱዙሚያ ትካዜ» የተባለው አኒሜ በጃፓን ቴሌቪዥን ሲጀምር፣ ታሪኩን ከመጽሐፉ የማያውቅ ተመልካች ጣቢያ የተሳሳተ ሳይመስለው አልቀረም። የቀረበለት፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለትምህርት ቤታቸው በዓል የሠሩት ፊልም ነው። ካሜራው ይንቀጠቀጣል። ምስሉ ይደበዝዝና መልሶ ይጠራል። ከወደፊቱ ዘመን መጣች የተባለችው ልጅ የአስተናጋጅ ልብስ ለብሳ ትንተባተባለች፤ ድመት አፍ አውጥቶ ይናገራል፤ ተራኪው ደግሞ በሚተርከው ነገር ራሱ ያላግጣል። ርዕሱ ላይ ስሟ የተጻፈው ሃሩሂ በደንብ የምትታየው ክፍሉ ሊያልቅ ሲል ነው።

አኒሜ ውስጥ ካሜራ እንደሌለ ልብ ይሏል። ያ መንቀጥቀጥና መደብዘዝ፣ ያለቦታው የሚቆረጠው ትዕይንት ሁሉ ታስቦበት የተሣለ ነው። ለጎበዝ ሠዓሊ የአላዋቂን እጅ ከመምሰል የከበደ ሥራ የለም፤ ትንሽ ካበዛው ተራ ቀልድ ይሆንበታል፣ ካሳነሰው ደግሞ ተመልካቹ ስቱዲዮውን ራሱን ይታዘባል። አኒሜውን የሠራው ኪዮቶ አኒሜሽን ሃያ ደቂቃ ሙሉ በዚህ ቀጭን ገመድ ላይ ሄዷል።

እኔን ከሥዕሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ቦታው ነው። ያ ክፍል በታሪኩ የጊዜ ቅደም ተከተል አሥራ አንደኛ ነው። ዳይሬክተሩ ታትሱያ ኢሺሃራና አብሮት ይሠራ የነበረው ዩታካ ያማሞቶ አሥራ አራቱን ክፍሎች እንደ ካርታ በወዟቸው። ወይም የበወዟቸው ይመስላል። አኒሜው የተመሠረተበት የናጋሩ ታኒጋዋ ተከታታይ የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ በ2003 የታተመው፣ ስድስት ክፍል ወጥቶታል። እነዚህ ስድስቱ የታሪኩ አከርካሪ ናቸው፤ እርስ በርስ ቅደም ተከተላቸውን ሳያፋልሱ 2ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 10ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ሆነው ቀረቡ። በመካከላቸው የገቡት ስምንቱ፣ አንዱ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው የተማሪዎቹ ፊልም ሆኖ፣ በጊዜ ከስድስቱ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ብዙ ክፍል ያለው አኒሜ ለመጀመር ያሰበ ሰው ሁሉ «ከየትኛው ልጀምር?» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አጭር ነው፤ በወጣበት ቅደም ተከተል። ከ1979 ጀምሮ የመጣውን ጋንዳምን ከመጀመሪያው ይዞ መውረድ ነው። በ2011 የወጣው ፌት ዜሮ በታሪክ ከፌት ስቴይ ናይት ቢቀድምም፣ የተጻፈው የኋላውን ለሚያውቅ ሰው ነውና ኋላ ይታይ። እንዲህ ያለው ምክር የቤት አያያዝ ያህል ነው፤ ሃሩሂ ላይ ግን አይበቃም። እዚህ ቅደም ተከተሉ ራሱ እንደ ሥዕሉና እንደ ድምፁ የባለሙያ እጅ ሥራ ነው።

ለማያውቅ በአጭሩ፦ ሃሩሂ አዲስ መማሪያ ክፍል ገብታ ራሷን ስታስተዋውቅ ተራ ሰው እንደማይማርካት፣ የምትፈልገው ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር፣ ከወደፊት የመጣ ሰው ወይም ልዩ የአእምሮ ኃይል ያለው እንደሆነ በግልጽ ትናገራለች። ከፊቷ የተቀመጠው ኪዮን የታሪኩ ተራኪ ነው። ከዚያ ባቋቋመችው ክበብ ውስጥ የምትሰበስባቸው ሦስቱ ማለትም ናጋቶ፣ ሚኩሩና ኮይዙሚ በዚሁ ተራ በትክክል እነዚያው ናቸው፤ እሷ ብቻ አታውቅም። ሳታውቀው ደግሞ ዓለምን እንዳሻት የማድረግ ኃይል አላት።

እንግዲህ ተመልካቹ በተበታተነው ጊዜ ውስጥ መንገዱን የሚያገኘው በምንድን ነው? አንዱ መሪ በግልጽ የተቀመጠ ነው። በየክፍሉ መጨረሻ የሚቀጥለው ሲተዋወቅ ሃሩሂ በጊዜ ቅደም ተከተሉ ቁጥር ትጠራዋለች፤ ኪዮን ወዲያው በሥርጭቱ ቁጥር ያርማታል። በየሳምንቱ ይጣላሉ። ቀልድ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ቀልድ ሠሪዎቹ ሁለቱንም አቆጣጠር ከፊታችን አኑረዋል። ዲቪዲው በአብዛኛው በጊዜ ቅደም ተከተል ሲወጣ ሃሩሂ አሸነፈች ማለት ነው፤ ዓለምን እንዳሻት የምታደርግ ልጅ በቁጥር ብትሸነፍ ነበር የሚገርመው።

ሌላው መሪ በዝምታ የተቀመጠ ነው፤ ከሁሉ የምወደውም እሱን ነው። የናጋቶ መነጽር። ናጋቶ ጥግ ይዛ መጽሐፍ የምታነብ፣ ፊቷ ላይ ስሜት የማይታይባት ልጅ ናት። በ3ኛው ክፍል መነጽር አድርጋለች። በ4ኛው፣ ቤዝቦል በሚጫወቱበት፣ መነጽር የላትም። በ5ኛው ተመልሶ ዓይኗ ላይ አለ። ከ6ኛው እስከ 9ኛው ደግሞ የለም። ማንም አንድ ቃል አይተነፍስም። ያላስተዋለ ሰው ያልፈዋል፤ ያስተዋለ ደግሞ የሠዓሊ ስሕተት ነው ይላል፤ ደጋግሞ ያየ ብቻ ነው ሰዓት መሆኑ የሚገባው። ኪዮን በ10ኛው ክፍል ሊገደል ሲል ናጋቶ ደርሳ ታድነዋለች፤ ገላዋን ስትጠግን መነጽሯን መልሳ መሥራት ትዘነጋለች፤ ኪዮን ያለ መነጽር እንደምታምር ይነግራታል። ከዚያ ወዲያ አታደርገውም። ለሳምንታት ሲጉላላ የኖረው ጥያቄ በአንዲት ተራ የአድናቆት ቃል ተመለሰ። በጊዜ ቅደም ተከተል ለሚያይ ሰው ይህቺ ቅጽበት አንዲት ልጅ መነጽር ያወለቀችበት ብቻ ናት። በተበታተነው ለሚያይ ግን እነዚያ ሁሉ የቀደሙ ክፍሎች፣ ቤዝቦሉም በ6ኛው የሚጀምረው የደሴት ጉዞም፣ የአንድ ሰው ቃል ልጅቱ ፊት ላይ የቀረባቸው ሆነው ይገኛሉ።

የ9ኛውና የ10ኛው መጋጠሚያም እንደዚሁ ነው። ዘጠነኛው ደራሲው ታኒጋዋ ራሱ ለአኒሜው የጻፈው ነው፤ ምንም አይሆንበትም ቢባል ይቀላል። ክረምት ነው። ሃሩሂ ለክበቡ ክፍል ማሞቂያ እንዲያመጣ ኪዮንን ሱቅ ትልከዋለች። እሱ በሌለበት ናጋቶ ተቀምጣ ታነባለች፤ ምስሉ ሳይንቀሳቀስ ለደቂቃዎች ይቆያል፤ ከሩቅ የሌሎች ተማሪዎች ድምፅ ይሰማል፤ ገጽ ይገለጣል። ደፋሮች ናቸው። ኪዮን ዝናብ መትቶት ይመለስና እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ሲነቃ ሹራብ ተደርቦለታል፤ ሃሩሂ እየጠበቀችው ነው፤ በአንድ ጃንጥላ ይወጣሉ። በታሪኩ ጊዜ ይህ የአሥራ አራቱ መጨረሻ ነው። ቀጥሎ በ10ኛው የኪዮን የክፍል ጓደኛ አሳኩራ ባዶ መማሪያ ክፍል ውስጥ ቢላዋ ይዛ ትቆማለች። ከሰላሙ ወደ ቢላዋው የሚያዘልለን የሥርጭቱ ተራ ብቻ ነው፤ ታሪኩ ውስጥ በመካከላቸው ወራት አሉ። ኪዮን እንደማይሞት ባለፈው ሳምንት አይተናል፤ ጃንጥላ ሥር ነበር። ስለዚህ «ይተርፍ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ይወድቅና «ከዚህ ወደዚያ እንዴት ደረሱ?» የሚለው ይነሣል። ይህኛው ጥያቄ ይበልጥ አቅም አለው።

ይሁንና የድርደራው ብልሃት ጎልቶ የሚታየው ማብቂያው ላይ ነው። 12ኛው ክፍል የትምህርት ቤቱ በዓል ነው። የአንድ የሴት ተማሪዎች ባንድ አባላት መጫወት ሳይችሉ ቀርተው ሃሩሂ ትተካለች፤ ጥንቸል መስላ ለብሳ መድረክ ላይ ትዘፍናለች፤ ናጋቶ በጠንቋይ ቆብ ጊታር ትጫወታለች። ጊታሩ ላይ የሚሮጡት ጣቶች ከሚሰማው ሙዚቃ ጋር ይገጥማሉ፤ ሃሩሂ ፊት ላይ ላብ አለ፤ አንገቷ ላይ ሥሯ ይገተራል። በኋላ ልጆቹ ሊያመሰግኗት ሲመጡ የምትገባበት ታጣለች። ሰው ረድታ መመስገን አልለመደችም።

በሳምንቱ 13ኛው ይመጣል፤ በታሪኩ ጊዜ ግን ወራት ወደ ኋላ ነን። ሃሩሂ ባቡር ማቋረጫ አጠገብ ቆማ ለኪዮን ታወራዋለች። በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር ስታዲየም ሄዳ የሕዝቡን ብዛት አየች፤ አባቷን ብትጠይቀው 50,000 ያህል ነው አላት፤ ቤት ገብታ ከጃፓን ሕዝብ ጋር ስታሰላው ያ ሁሉ ሰው ኢምንት ሆነ። ልዩ ነው ያለችው ኑሮዋ የማንም ኑሮ እንደሆነ ያን ቀን ተሰማት። ይህን ብሶት በጊዜው ቦታ ብንሰማው የአንዲት ኩሩ ልጅ ማማረር ነው። ከመድረኩ በኋላ ስንሰማው ግን ምስጋና ያሳፈራትን ልጅ አውቀናታል፤ ወዴት እንደምታድግ ከእሷ በፊት እኛ አውቀናል። ከዚያ 14ኛው ይከተላል፤ ሁለቱ ብቻቸውን በሌሊቱ ትምህርት ቤት፣ ዓለም ሊቀየር ሲል። በጊዜ ቅደም ተከተል ይህ ጫፍ 6ኛው ላይ ይደርስና ከዚያ ወዲያ ስምንት ክፍል ቁልቁለት ነው። ቁልቁለቱ አይጠላም፤ ግን ቁልቁለት ነው።

ጎረቤታችንንስ የምናውቀው ከልደቱ ጀምረን ነው? መጀመሪያ ሳቁን በግድግዳ እንሰማለን፣ ከዓመት በኋላ ያለፈ ኀዘኑን። ድርደራው የሚከተለው ይህን መንገድ ነው። እርግጥ በጊዜ ቅደም ተከተል ማየት ይሻላል የሚሉ ወዳጆቼ አሉ፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው በ2009 እንደዚያ አድርገው ደግመው አቅርበውታል ይላሉ። እውነት ነው። በ2009 አሥራ አራት አዳዲስ ክፍሎች ተጨመሩ፤ አሮጌዎቹና አዲሶቹ በጊዜ ተሰልፈው ሃያ ስምንት ሆኑ። ያ ድርደራ ግን የመዝገብ ቤት ሥራ ነው፤ ሁሉም በቦታው፣ ሁሉም እኩል። በፍላሽ የሚዘዋወረውን ፋይልም ኮምፒውተሩ በቁጥር ያሰልፍልናል፤ ኮምፒውተር የማይሠራውን ነው በ2006 የሠሩት።

ስለዚህ አዲስ ተመልካች የ2006ቱን አሥራ አራት በ2006ቱ ተራ ይጨርስ። ከዚያ ከአዲሶቹ «የቀርከሃ ቅጠል ራፕሶዲ» የተባለውን ያስቀድም፤ በኋላ ለሲኒማ የተሠራው ፊልም የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። ቀጥሎ ብዙውን ሰው ያስቆጣው «ማለቂያ የሌለው ስምንት» ይመጣል። ከኦገስት 17 እስከ 31 ያለው የዕረፍት ጊዜ ይደጋገማል፤ ቴሌቪዥኑም ስምንት ሳምንት ሙሉ አንድ ታሪክ ደገመ። የተደገመው ግን ቅጂው አይደለም። ስምንቱም እንደ አዲስ ተሥለዋል፣ ድምፁም እንደ አዲስ ተቀርጿል፤ የዋና ልብሱ፣ የበዓሉ ጭምብል፣ ተናጋሪው የሚታይበት ማዕዘን ሁሉ ይለያያል። ታሪኩ ውስጥ ዙሩ 15,532 ደርሷል፤ ሁሉንም የምታስታውሰው ናጋቶ ብቻ ናት፤ ሲደመር ስድስት መቶ ዓመት ያህል ነው። ለችኩል ሰው 1ኛውን፣ 2ኛውንና 8ኛውን እይ ማለት የተለመደ ምክር ነው። እኔ ቢያንስ አምስቱን እላለሁ። ሳይሰለች ያለፈ ሰው የናጋቶን ድካም በወሬ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ፊልሙ ደግሞ የተሠራው ከዚያ ድካም ነው። «የሃሩሂ ሱዙሚያ ቁዘማ» የሚባሉትን አምስት ክፍሎች ግን እንደ ፈቀደ ያድርግ። የዚያን የሚንቀጠቀጥ ፊልም አሠራር ይተርካሉ፤ ሃሩሂ በውስጣቸው ሆድ ታስብሳለች፤ ከተዘለሉም የሲኒማው ፊልም አይጎድልም።

ፊልሙ፣ «የሃሩሂ ሱዙሚያ መጥፋት»፣ በፌብሩዋሪ 2010 ሲኒማ ቤት የገባው ነው፤ ኢሺሃራና ያሱሂሮ ታኬሞቶ ናቸው የሠሩት። ከእሱ በፊት አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ 9ኛውን፣ የዝናቡን ክፍል፣ ዳግም ይዩት። የ2009ኙ ድርደራ ትክክል የሆነበት አንድ ቦታ ይህ ነው፤ ያንን ክፍል መጨረሻ ላይ አኑሮታል፣ ፊልሙም በዚያው ክረምት ይጀምራል። ዲሴምበር 18 ጠዋት ኪዮን ትምህርት ቤት ሲደርስ ሃሩሂ የለችም፤ የሚያስታውሳትም የለም። ወደ ክበቡ ክፍል ሮጦ በሩን ሲከፍት አንዲት ዓይናፋር ልጅ መጽሐፍ ይዛ ተቀምጣለች፤ መነጽር አድርጋለች። ቀሪውን ራሳችሁ እዩት። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃልና ማምሻውን አትጀምሩት።