«ቧንቧው አርጅቷል» ስለ ማለት

በቦሌም ሆነ ከመገናኛ እስከ አያት ባለው ሰፈር የመንገድ ዳር ተቆፍሮ ውሃ ሲፈስ ያየ ሰው ምክንያቱን ቢጠይቅ «ቧንቧው አርጅቷል» ይባላል። አነጋገሩ የተለመደ ይሁን እንጂ ትክክል አይደለም። ብረት እንደ ሰው በዕድሜ ብዛት አይደክምም፤ ዝገት የኤሌክትሪክና የኬሚካል ሥራ ነው፤ ሥራም እንደ መሆኑ መጠን ሊገታ ይችላል።

የቦሌ ምድር አብዛኛው መረሬ ነው። መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የብረቱን የሬንጅ ሽፋንም እየጎተተ ይልጠዋል። ደግሞም የቧንቧው ሆድ ያረፈበት እርጥብ ጭቃ አየር ሲያጣ ጀርባው የለበሰው ልል አፈር አየር ያገኛል። አየር ያጣው ወገን አኖድ ሆኖ ይሟሟል። ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ ከሥር የሚወጣው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ጥገናው ነው። የተበላው ክፍል ተቆርጦ አዲስ ብረት ሲቀጠልበት፣ ንጹሑ ብረት ለዛገው አሮጌ አኖድ ይሆንና ከጎረቤቱ ቀድሞ ይበሳል። ከዚያ በኋላ የሚታማው ፋብሪካው ነው!

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ከአያት በመገናኛ በኩል የሚያልፈው መስመር በ750 ቮልት ቀጥታ ኮረንቲ ይሠራል፤ ኮረንቲውም የሚመለሰው በሐዲዱ ነው። ሐዲዱ ከመሬት በሚገባ ካልተለየ ጥቂቱ ወደ አፈር ያፈተልክና በአጠገቡ ያገኘውን የብረት ቧንቧ መንገድ ያደርገዋል። በገባበት በኩል አይጎዳም፤ ወጥቶ ወደ ኃይል ማከፋፈያው በሚመለስበት ቦታ ግን ብረቱን ይዞት ይሄዳል። በፋራዴይ ሕግ ሲሰላ አንድ አምፔር በአንድ ዓመት 9 ኪሎ ግራም ያህል ብረት ያሟሟል። ዕድሜ በዚህ ሂሳብ ውስጥ የት አለ?

መድኃኒቱ የቆየ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1824 ሃምፍሪ ዴቪ የመርከብ መዳብን በዚንክና በብረት ቁራጭ ከባሕር ውሃ ጠብቋል፤ በ1928 ሮበርት ኩን በኒው ኦርሊንስ የጋዝ ቧንቧን ከውጭ በተሰጠ ኮረንቲ አድኗል። በየቤታችን ያለው ጋልቫናይዝ ቧንቧም የሚኖረው ዚንኩ በብረቱ ፈንታ ስለሚበላለት ነው። ለትልቁ መስመር ማግኒዚየም በአጠገቡ ቀብሮ በሽቦ ማገናኘት ይበቃል። ሬንጅ ብቻውን ግን አደገኛ ነው፤ አንዲት ጭረት ካለችው ኮረንቲው ሁሉ በእርሷ ይወጣል።

ስለዚህ ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት ቮልቲሜትር ይግባበት። በመዳብ ሰልፌት ኤሌክትሮድ ሲለካ ቧንቧው ከአፈሩ አንጻር ኔጌቲቭ 0.85 ቮልት ካልደረሰ ጥበቃ የለውም ማለት ነው፤ መለካቱም ከደቂቃዎች የበለጠ ጊዜ አይፈጅም።