የጃዝ ትምህርት ክፍል መግቢያ ፈተናና የጎንደር ጆሮ

ጃዝ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች የሚሰጡት የመግቢያ ፈተና በዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም በመሠረቱ አራት ነገር ይፈትሻል። ተፈታኙ አጥንቶ የመጣውን ሥራ ይጫወታል፤ ብሉዝ ወይም ሌላ የታወቀ ዜማ ተሰጥቶት በላዩ ላይ ከራሱ ይፈጥራል፤ ፈታኙ በፒያኖ የመታለትን ሐረግ ሰምቶ ይመልሳል፤ አይቶት የማያውቀውን ኖታ ያነባል። ለተፈታኞች የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው የሚያተኩረው በመጀመሪያውና በመጨረሻው ላይ ነው። እኔን የሚያሳስቡኝ መሐል ያሉት ሁለቱ ናቸው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ማክሰኝትና በአካባቢዋ ያደገ ወጣት ለእነዚህ ሁለቱ የሚያበቃ ሥልጠና ከደጁ አለ። ይህን ሥልጠና ዝግጅት ብሎ የቆጠረለት ግን የለም።

በጎንደር ዙሪያ የአዝማሪ ልጅ ማሲንቆ የሚማረው ታላላቆቹን ተከትሎ ሠርግ ቤት እየገባ ነው። ጥምቀት አልፎ የጥር ሠርግ ሲደራ ከዳሱ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይሰጣል። አዝማሪው ቃሉን ሳያዛባ፣ ምቱን ሳይለቅ ተቀብሎ ይመልስና ወዲያው የራሱን ያክልበታል። አንዴ ሰምቶ መያዝ፣ እዚያው መፍጠር፣ የአድማጩን ፊት እያዩ ማሳጠር ወይም ማስረዘም፦ የጃዝ ፈታኝ ከተፈታኙ የሚሻው ይህንኑ ነው። መሣሪያው ራሱም ጆሮን ይስላል። ማሲንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ነው። ጣት አውታሩን ይነካዋል እንጂ ከአንገቱ ጋር አያጣብቀውም፤ ድምፁ የሚገኝበትን ቦታ የሚያመለክት ፍሬትም የለም። ቦታውን የሚያገኘው ጆሮ ብቻ ነው።

መመሳሰሉን ማጋነን ግን ወጣቱን ይጎዳዋል። የአዝማሪ ፈጠራ ከዜማው ይልቅ በግጥሙ ይበረታል፤ ማሲንቆው በአንድ ቅኝት ጸንቶ ድምፁን ይከተላል፣ ያጅባል፣ ያስጌጣል። በጃዝ ኮርዱ ራሱ ይንቀሳቀሳል። በተለመደው ባለ 12 ሜዠር ብሉዝ 5ኛው ሜዠር ላይ ኮርዱ ይለወጣል፣ 7ኛው ላይ ወደ መነሻው ይመለሳል፣ 9ኛው ላይ እንደገና ይሄዳል። በአንድ ቅኝት ላይ መጽናት የለመደ ጆሮ ይህን ካልተለማመደ፣ ሥሩ ሲለወጥ እርሱ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ከማክሰኝት ለሚነሳ ተፈታኝ የመጀመሪያው ሥራ ጣት ማፍጠን ሳይሆን ቤዝ መስማት ይመስለኛል፦ ከአንድ ቀረጻ ላይ ቤዙን ብቻ ለይቶ በአፍ ማዜም፣ ከዚያ በዚያው ቤዝ ላይ የራስን ዜማ መደረብ። ለዚህ ስልክና ማዳመጫ ይበቃል።

ከዚያ ቅኝቶቹ ራሳቸው ወደ ጃዝ ያሻግሩታል። ከዶ የተነሳ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ሶልን ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ላ ፍላትን ግማሽ ድምፅ ከፍ ሲያደርጉት አንቺ ሆዬ ይሆናል። የተለወጡት ሁለት ድምፆች ብቻ ናቸው፤ ስሜቱ ግን ሌላ ነው። በአንቺ ሆዬ በዶና በሶል ፍላት መካከል ያለው ርቀት ጃዝ ውጥረት ለመፍጠር ዘወትር የሚጠቀምበት ርቀት ነው። የጃዝ ጀማሪ ይህን ርቀት በጆሮው ለመለየት ይቸገራል፤ አንቺ ሆዬን ከልጅነቱ ሲያዜም የኖረ ልጅ ግን በጉሮሮው ይዞታል። የሚቀረው ስሙን ማወቅና ከ12ቱም መነሻ ድምፆች መጫወት ነው። ይህ ወራት የሚፈጅ፣ አሰልቺ፣ ሊዘለል የማይችል ሥራ ነው።

ኖታ የተለየ እንቅፋት ነው። የአገሩ የዜማ ትምህርት ጽሑፍ የለውም የሚለው አባባል ግን ስሕተት ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ምልክት ዛሬም ይሠራበታል። በቃሉ አናት ላይ የሚሰፍረው ፊደል አንድን ነጠላ ድምፅ ሳይሆን ተማሪው ከየኔታ አፍ የተቀበለውን ሙሉ ሐረግ ያስታውሳል። የጃዝ ሙዚቀኛ የሚያነበው ገጽም ከሲምፎኒ ኖታ ይልቅ ለዚህ ይቀርባል፦ ዜማውና የኮርዶቹ ስም ብቻ ሰፍሮ ቀሪው ለጆሮና ለትዝታ ይተዋል። በአቋቋም ትምህርት ከታወቀችው ከጎንደር በአታ ጉባኤ ቤት የወጣ ተማሪ የድምፅ ከፍታንና የምት ርዝመትን ማንበብ እንደ አዲስ መማር አለበት፤ ጥቂት ጽሑፍ አይቶ ብዙ ማዜምን ግን ማንም አያስተምረውም።

ይህን መንገድ በተቃራኒው የሄዱ አንድ ታላቅ ሰው አሉ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው ካይሮ ውስጥ ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ በቀን 9 ሰዓት፣ 5ቱን በፒያኖ 4ቱን በቫዮሊን፣ ይለማመዱ ነበር። ለንደን በሚገኘው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ የመማር ዕድል ቢያገኙም የመሄጃ ፈቃድ ተከለከሉ፤ ሐዘኑ ጤናቸውን ጎዳው፤ በኋላም ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ አጠኑ። ሥራቸው ጃዝ አይደለም። ነገር ግን ያን ያህል የሠለጠነች ጣት በጎንደር የምትማረው ነገር ማግኘቷ ስለ ቦታው የሚናገረው ብዙ ነው። በፒያኖ ሥራዎቻቸው ምቱ በሜትሮኖም የማይታሰርበት፣ ሐረጉ በትንፋሽ ልክ የሚረዝምበት ቦታ ሁሉ ከዜማው ጋር ያላቸውን ቅርበት ያሰማል።

ተፈታኙ ምን ሥራ ይዞ ይቅረብ ለሚለው ጥያቄ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ጥሩ መልስ አለው። ጌታቸው ሽለላንና ፉከራን ከሰው ድምፅ ወደ ሳክስፎን አዛውሮ የራሱን አጨዋወት ፈጠረ። ሽለላ ደግሞ ለጎንደር ልጅ የቤቱ ነው። በአሜሪካው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የተማረው ሙላቱ አስታጥቄም ቅኝቶቹን ሳይጥል ከጃዝ ኮርድ ጋር አዋህዷል፤ ያው በርክሊ እ.ኤ.አ. በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። አንድ የአሜሪካ ዜማ በሚገባ አጥንቶ፣ ሁለተኛውን ከሽለላ አዘጋጅቶ የቀረበ ተፈታኝ ከማንም ያላነሰ ዝግጅት አለው።

ተቋማቱም የሚጠበቅባቸው አለ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገናና ዋሽንት ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር በአንድ ግቢ የሚሰጡበት ቤት ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ፈር ቀዳጅ መሆን ይችላል። ከማክሰኝት አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለአንድ ፈተና ያን ያህል መንገድ የሚመጣ ወጣት መጀመሪያ ኖታ ተሰጥቶት ሲንተባተብ ከታየ፣ ከዚያ በኋላ የሚጫወተውን ፈታኙ በተበላሸ ግምት ነው የሚሰማው። ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ፦ አስቀድሞ ሐረግ ይሰጠውና ተቀብሎ ይመልስ፣ በላዩ ላይ ይፍጠር፤ ኖታው መጨረሻ ይምጣ፤ በኖታ ብቻ የወደቀም የአንድ ዓመት የመሰናዶ ኮርስ ይሰጠው። ብዙ የውጭ ትምህርት ቤቶች እንደሚያደርጉት የመጀመሪያው ዙር በቪዲዮ ቢሆን ደግሞ ያ ወጣት የአውቶቡስ ገንዘብ ሳያወጣ፣ በስልክ ቀርጾ ከማክሰኝት መላክ ይችላል።