አንበሳው ምሳሌ ብቻ ነውን?

በመጽሔታችን የጽሑፍ መቀበያ ሳጥን ውስጥ የማይታጣ አንድ ግጥም አለ። ጸሐፊው ይለዋወጣል፤ ግጥሙ ግን ያው ነው። አንበሳ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተኝቷል። ጎፈሩ ሳስቷል። ድሮ ሲያገሣ ተራራ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዛሬ ሕፃናት ኦቾሎኒ ይወረውሩበታል። በመጨረሻው ስንኝ ላይ አንበሳው አንበሳ አለመሆኑ ይገለጥልናል። አንዱ ጋ አገር ነው፤ ሌላው ጋ የወደቀ ዘውድ ነው፤ ሦስተኛው ጋ ደግሞ ፍቅረኛው የከዳችው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይሆናል። እኛም አንብበን «ጥሩ ነው» እንላለን፤ እናትመዋለን። ራሳችንም ጽፈነዋል፤ ስለዚህ የምንናገረው ከላይ ሆነን አይደለም።

ዛሬ ልንተች የተነሣነው ይህንኑ ግጥም ነው። ከእርሱም ጋር ባለፈው ዓመት «አይሆንም» ብለን ለጸሐፊው የመለስነውን አንድ ጽሑፍ እናነሣለን። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ስናያቸው አፍረናል። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ሂስም ነው፤ ግለ ሂስም ነው።

መጀመሪያ ግጥሙን እንይ። ቅኔ ያሳደገው አንባቢ ሰምና ወርቅን ያውቃል። ወርቁን ለማግኘት ሰሙ ይቀልጣል ተብለን ተምረናል፤ እውነት ነው። አንጥረኛው ግን ሰሙን ከማቅለጡ በፊት በጥንቃቄ ይቀርጸዋል። ሰሙ ላይ ያልተቀረጸ መስመር ወርቁ ላይ አይወጣም። የአንበሳ ግጥሞቻችን በሽታ እዚህ ላይ ነው። ሰሙ አልተቀረጸም። በግጥሞቹ ውስጥ ያለው አንበሳ አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይታመምም። ከሥሩ የሚጠርግለት ሰው የለም። ሥጋውን ማን እንደሚያመጣለት፣ ውኃው መቼ እንደተቀየረ፣ ወለሉ አፈር ይሁን ሲሚንቶ አናውቅም። ገጣሚው እስከ አጥሩ ድረስ የሄደው «እስር» የምትል አንዲት ቃል ለመውሰድ ነው፤ ቃሏን ይዞ በታክሲ ተመለሰ።

ለዚህ ጥፋት ምክንያት አናጣለትም። አንበሳ በአገራችን ከሥጋና ከአጥንት ይልቅ ምልክት ሆኖ ብዙ ዘመን ኖሯል። ሞዓ አንበሳ በማኅተም ላይ፣ አንበሳ በሐውልት ላይ፣ አንበሳ በአውቶቡስ ላይ፣ አንበሳ በጫማ ላይ። ከልጅነታችን ጀምሮ ያየነው የተሳለውን ነው። ታዲያ እውነተኛውን ስናገኘው እንደ ሥዕል አየነው። ሥዕል ደግሞ አይራብም።

አሁን ወደ መለስነው ጽሑፍ እንሂድ። ጸሐፊው ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና አይደለም፤ ስለ እንስሳት አያያዝ የሚማር ልጅ ነው። በአንድ ሴሚስተር ውስጥ አራት ቅዳሜ እየሄደ ያየውን የአንድ ከተማ የአራዊት ማቆያ በሦስት ገጽ ጻፈው። ከተማውን አልጠቀሰም፤ እኛም አንጠቅሰውም። በመጀመሪያው ቅዳሜ የውኃው ገንዳ አረንጓዴ ነበር፤ በአራተኛውም አረንጓዴ ነበር። የጅቡ በር ቁልፍ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። የምታስለዋ ጦጣ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ነች፤ የታመመ የሚለይበት ክፍል የለም። ሥጋው ሲገባ ሚዛን ላይ አልወጣም፤ በእጅ ተገምቶ ገባ። አንዱ ሰሌዳ ላይ የእንስሳው ስም፣ የትውልድ አካባቢውና ምግቡ አምሮ ተጽፏል፤ ከሰሌዳው ኋላ ያለው ክፍል ባዶ ነው። ጎብኚ የጣለው ፌስታል በፍርግርጉ ሥር ተከማችቷል። አንድ አዛውንት ጠባቂ በእንጨት እየጎተቱ ሲያወጡት ልጁ ቀረብ ብሎ ጠየቃቸው። «ልጄ፣ ያየኸውን ጻፍ፤ የእኔን ስም ግን ተወው፤ ልጆች አሉኝ» አሉት።

እኛ ይህን አንብበን ምን አልን? «ሪፖርት ነው እንጂ ድርሰት አይደለም» አልን። በዚያው እትም ሁለት የአንበሳ ግጥሞች አወጣን።

እስቲ ደግመን እንየው። ያ ባዶ ክፍልና ያ ያማረ ሰሌዳ ምንድን ናቸው? ያለ አንዳች ጌጥ የተቀመጠ ሰምና ወርቅ አይደሉምን? ጽሑፉ የቀረ ነገር ሳይቀር ሲመዘገብ ንባብ አለ፤ ንባብ ያልተመዘገበበት ክፍል ባዶ ነው። ጸሐፊው «ይህ ምሳሌ ነው» ብሎ በጆሯችን አልጮኸም፤ እኛ ግን ያንን ሰሌዳ እስካሁን አልረሳነውም። ከሁለቱ ግጥሞች ግን ዛሬ አንድ ስንኝ በቃሉ የሚወጣው ከመካከላችን አልተገኘም።

ፌስታሉም ቀላል ነገር መስሎን ነበር። በኢንዶኔዥያ፣ በሱራባያ ከተማ የአራዊት ማቆያ በ2012 አንድ ቀጭኔ ሲሞት ከሆዱ የወጣው የላስቲክ ክምር 20 ኪሎ ያህል እንደነበር ተዘግቧል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 20 ኪሎ ላስቲክ በአንድ ቀን አይዋጥም። ብዙ ሰው ለብዙ ጊዜ ሲጣል አይቶ አልፏል ማለት ነው። በእንጨት የሚጎትቱት አዛውንት የሚሠሩትን ሥራ ትልቅነት ያየነው ይህን ካወቅን በኋላ ነው።

ለመሆኑ በጠራ ቋንቋ መናገር ምን ያደርጋል? የራሳችንን ጎረቤት እንጥቀስ። በስድስት ኪሎ የነበረው አንበሳ ግቢ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1948 የተቋቋመ ነው። ስንቱ ተማሪ ሌሊት ሲያጠና ግሣታቸውን ሰምቷል! በኅዳር 2006 የዜና ማሠራጫዎች ከዚያ ግቢ አንድ ወሬ ለዓለም አሰሙ፤ ገንዘብም ቦታም ስላነሰ ደቦሎች በመርዝ ይገደሉና ቆዳ ለሚሞሉ ባለሙያዎች ይሰጡ ነበር። ወሬው ከሐሜት የመጣ አልነበረም፤ የግቢው ኃላፊ ራሳቸው ለጋዜጠኞች ያረጋገጡት ነው። በ2012 ደግሞ የእንግሊዝና የጀርመን ተመራማሪዎች ከግቢው አንበሶች የ15ቱን ዘረ መል መርምረው፣ እነዚህ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች ካነጻጸሯቸው የዱር አንበሶች ሁሉ የተለዩ መሆናቸውን አሳተሙ። ሁለቱን ዓመታት አገናኝተን እናንብባቸው። ምን እንደሆነ በቅጡ ከመታወቁ በፊት ስንጥለው የነበረው ነገር ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ሊሆን ይችላል።

ይህንን የሚሰማ ሰው «ድህነት ነው፤ ምን ይደረግ?» ይላል። ድህነቱ እውነት ነው። አንድ ጎልማሳ አንበሳ በቀን 5 ኪሎና ከዚያም በላይ ሥጋ ይፈልጋል፤ የሥጋን ዋጋ ደግሞ የማያውቅ የለም። ነገር ግን እንስት አንበሳ አርግዛ የምትቆየው 110 ቀን ያህል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ትወልዳለች። ክፍሉ አይሰፋም፤ ደቦሉ ይጨምራል። ይህ ከሰማይ የወረደ መዓት አይደለም፤ አስቀድሞ በጣት የሚቆጠር ሒሳብ ነው። ወንዱን ከሴቷ መለየት፣ የእርግዝና መከላከያ መስጠት፣ ለሌላ ማቆያ ማስተላለፍ በሙያው የታወቁ መንገዶች ናቸው። «ገንዘብ የለም» የሚለው ቃል «አላቀድንም» የሚለውን ሲሸፍን፣ ሽፋኑን መግለጥ የጸሐፊ ሥራ ነው። የኃላፊውም ቃል እዚህ ላይ ይመሰገናል። መራራ ቢሆንም በግልጽ ተነገረ፤ ስለተነገረም ሰው ተነጋገረበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለ!

ሀብታም አገር ከዚህ ነፃ ነው የሚል ካለ ደግሞ ዋሽንግተንን ይመልከት። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ከተማ ነው፤ ብሔራዊ የአራዊት ማቆያው ያለ መግቢያ ክፍያ ስለሚጎበኝ ልጆቻቸውን ይወስዱበታል። በ2002 በዚያ አንዲት ቀጭኔ ሞተች። አንድ ጋዜጣ የሕክምና መዝገቧን ጠየቀ። የግቢው ዳይሬክተር የሰጡት መልስ፣ መዝገቡን ማሳየት የእንስሳዋን የግል ምስጢር መድፈር ይሆናል የሚል ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህን እኛ አልፈጠርነውም! በሕይወት ሳለች በየቀኑ በሺህ ዓይን የምትታይ ቀጭኔ፣ ስትሞት ምስጢረኛ ሆነች። በጥር 2003 ደግሞ ለአይጥ ተብሎ በክልላቸው የተቀበረ መርዝ ሁለት ቀይ ፓንዳዎችን ገደለ። በግቢው ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ተናገሩ፤ ጋዜጣው ጻፈ፤ ምክር ቤቱ ጠየቀ፤ የብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ኮሚቴ ተቋቁሞ መረመረ። በየካቲት 2004 የወጣው ዘገባ በመከላከያ ሕክምናው፣ በአመጋገቡ፣ በአይጥ ቁጥጥሩና በመዝገብ አያያዙ ጉድለት እንዳለ ዘረዘረ። ዳይሬክተሯም በዚያው ወር ሥራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመን የመዝገቡ ነገር ነው። መዝገብ ጽሑፍ ነው። ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ምን ተወ? ስንት ቃል «ደኅና ነው» በሚል ተሸፈነ? እነዚህ እኮ በሥነ ጽሑፍ ክፍል በየቀኑ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። ግጥም ላይ ስንጠይቃቸው ሐያሲ እንባላለን፤ መዝገብ ላይ ስንጠይቃቸው ለምን ነገረኛ እንባላለን?

ሦስት ተቃውሞዎች እንደሚመጡብን እናውቃለን። አንደኛው፣ «ሰው እየተራበ ስለ አንበሳ ትጽፋላችሁ?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፤ በቀልድ አናልፈውም። ነገር ግን ሥጋውን ያለ ሚዛን የሚያስገባው አሠራር የጠባቂውንም ጓንትና ቦት ጫማ የሚያስቀር አሠራር ነው። በሽቦ የታሰረው የጅብ በር የሚያሰጋው ጅቡን አይደለም፤ ገብቶ የሚጠርገውን ሰው ነው። አቤት ማለት የማይችል ፍጥረት በሚያዝበት ቦታ የአስተዳደር ጠባይ ሳይሸፋፈን ይታያል።

ሁለተኛው፣ «ሠራተኞቹን ታስፈጃላችሁ» የሚለው ነው። ይህም እውነትነት አለው፤ አዛውንቱ ስሜን ተወው ያሉት በከንቱ አይደለም። ስለዚህ የሚጻፈው ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ ጠራጊው አይሁን። ቀኑ፣ ቦታው፣ የታየው ነገር ይጻፍ፤ ኃላፊውም ይጠየቅ፤ መልሱም አብሮ ይውጣ። እዚህ ላይ የመለስነውን ጽሑፍ ራሱን እንተቻለን። በሦስተኛው ገጽ ላይ ልጁ ያየውን ትቶ ያላየውን ጻፈ፤ ሥጋው ይሰረቃል፣ ሌቦቹም እነ እገሌ ናቸው አለ። ሚዛን አለመኖሩን አይቷል፤ ሌባ ግን አላየም። ሁለት ገጽ ሙሉ ያመንነውን ጸሐፊ እዚያ ላይ መጠርጠር ጀመርን። ቁጣው ትክክል ነበር፤ ቁጣ ግን ማስረጃ አይደለም። ከጽሑፉ ይህ ብቻ ቢወጣ የቀረው ይቆማል። እኛ ግን ለአንድ ገጽ ስሕተት ብለን ሦስቱንም መለስን፤ ምክንያታችንንም በትክክል አልነገርነውም። «ድርሰት አይደለም» ማለት «ፈርተናል» ከማለት ይቀል ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ዝም አይነቅዝም» የሚለው የቆየ ምክር ነው። ዝምታ ላይነቅዝ ይችላል። በዝምታው ሥር ያለው ሥጋ ግን ይሸታል፤ ገንዳውም ይሻግታል።

እንግዲህ ማጠቃለያችን ይህ ነው። ለባለ ሦስት ገጹ ጸሐፊ፤ ይቅርታ እየጠየቅን ጽሑፍህን መልሰህ እንድታመጣልን እንለምንሃለን። ሦስተኛውን ገጽ አብረን እናስተካክላለን፤ የአዛውንቱን ስም ሳንነካ በሚቀጥለው እትም በመጀመሪያው ገጽ ላይ እናወጣዋለን። ለገጣሚዎቻችን ደግሞ፤ የአንበሳ ግጥም አትጻፉ አላልንም። ሂዱና አጥሩ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ቁሙ። ምን እንደሚበላ ጠይቁ፤ የሚያበላውን ሰው ሰላም በሉ፤ ገንዳውን እዩ። ከዚያ በኋላ የምታመጡልንን ግጥም በደስታ እንቀበላለን። ወርቁ አያሳስባችሁ፤ መጀመሪያ ሰሙን አምጡልን።