ቁሌት የሚያውቅ ምላስ በእስያ ፊዩዥን ገበታ

ጎንደር አራዳ ለአልጫ የሚሸመተው እርድ ጥንተ መገኛው እስያ ነው። ቁንዶ በርበሬ የደቡብ ሕንድ ሐረግ ፍሬ ነው፤ የዛላ በርበሬ ዘር ደግሞ ከአሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰ ነው። ዛሬ ሦስቱንም እንደ ባዕድ የሚያይ ባለሙያ የለም። ከተማዋም ከእስያ ጋር የተዋወቀችው ትናንት አይደለም፤ አፄ ፋሲል አርመናዊውን ነጋዴ ሖጃ ሙራድን ወደ ሕንዱ ንጉሥ አውራንግዜብ መልእክተኛ አድርገው የላኩት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለዘመድ ጥየቃ ባሕር የተሻገረ ጎንደሬ፣ በዱባይም ሆነ በዋሽንግተን «የእስያ ፊዩዥን» የሚል ምግብ ቤት ሲገባ ፍርዱን ለሌላ መተው የለበትም። የሠለጠነ ምላስ ይዞ ነው የገባው።

ፊዩዥን የሁለት ወይም የሦስት አገር አበሳሰልን በአንድ ሳህን ማዋሐድ ነው። ኖቡ ማትሱሂሳ ጃፓን ውስጥ የሱሺን ሙያ ተምሮ በ1973 እ.ኤ.አ. ወደ ፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ሄደ። እዚያ ጥሬ ዓሣን በሎሚና በቃሪያ የሚያጣፍጥ ሕዝብ አገኘ። በ1987 በቤቨርሊ ሂልስ፣ በ1994 በኒው ዮርክ የከፈታቸው ምግብ ቤቶች የተወደዱት ሁለቱን ሙያዎች ስላስታረቀ ነው። ኮሪያዊ-አሜሪካዊው ሮይ ቾይም በ2008 ከባልደረቦቹ ጋር በሎስ አንጀለስ የኮሪያን የጎድን ጥብስ በሜክሲኮ ታኮ ጠቅልሎ ከመኪና ላይ መሸጥ ጀመረ። ቾይ ኮሪያን ከቤቱ፣ ሜክሲኮን ከሰፈሩ ያውቃል። ጥሩ ፊዩዥን የሚወለደው ሁለቱንም ጓዳ ከሚያውቅ እጅ ነው፤ ተመጋቢውም መመርመር ያለበት ይህንኑ ነው።

ምርመራው ከምግብ ዝርዝሩ ይጀምራል። የጃፓን ሱሺ፣ የታይላንድ ፓድ ታይ፣ የሕንድ በተር ቺክን፣ የቻይና ኑድል፣ የኮሪያ ጥብስ ሁሉ የተደረደረበት ዝርዝር ያጠራጥራል። አንድ ጓዳ ይህን ሁሉ በየቀኑ አሳምሮ ማውጣት ይቸግረዋል። አጠር ያለና እያንዳንዱ ምግብ ከየትና ከየት እንደተዋሐደ የሚናገር ዝርዝር ይሻላል።

ቀጥሎ ሩዙ። ፎገራ ሩዝ ሲታጨድ ያየ፣ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ሲጋገር የበላ ሰው ሩዝ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ አይጠፋውም። የሱሺ ሩዝ አጭር ፍሬ ያለው፣ በኮምጣጤ የተለወሰና እርስ በርሱ የሚያያዝ ነው። ባስማቲ ረጅም ሆኖ ፍሬ በፍሬ ይለያያል። የታይላንዱ ጃስሚን ለስለስ ይላል፤ ሽታውም ደስ ያሰኛል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሩዝ የሚያቀርብ ቤት ማኛን ከሰርገኛ እንደማትለይ ጋጋሪ ነው።

ሦስተኛው መመዘኛ ከሁሉ ይበልጣል፤ እዚህ ላይ ጎንደሬን የሚያህል ዳኛ አይገኝም። የዶሮ ወጥ ሙያ ቁሌቱ ላይ ነው፤ ሽንኩርቱ ውኃውን እስኪጨርስ፣ በርበሬው ጥሬነቱን እስኪለቅ ጠብ እያደረጉ ማቁላላት ነው። የሕንድ ካሪም ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ቅመሙ ዘይቱ ዳር ዳሩን እስኪለይ ይቁላላል። በታይላንድ ካሪ ደግሞ የኮኮናቱ ወፍራም ወተት ዘይቱ እስኪወጣ ይፈላና የተወቀጠው ቃሪያና ቅመም በዚያ ይጠበሳል። የተቻኮለ ወጥ ቤት ይህን ይዘልና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀቅላል። ያን ጊዜ ምግቡ ምላስ ላይ ይሻክራል፣ ቅመም ቅመም ይላል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ብዙ ቤት ይህን ጉድለት በስኳር ይሸፍናል፤ ዶሮውም፣ ዓሣውም፣ አትክልቱም አንድ ዓይነት ጣፋጭ ሶስ ከለበሱ የሚደበቅ ነገር አለ ማለት ነው።

ከዚያ ተመጋቢው በሐሳቡ አንድ ነገር ይቀንስ። ከሳህኑ ላይ የባዕዱ አገር ቅመም ቢወጣ ምግቡ ይጎድላል ወይስ እንደነበረው ይቆያል? ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገው ማርከስ ሳሙኤልሰን በ2022 ኒው ዮርክ ውስጥ በከፈተው ሃቭ ኤንድ ማር የተባለ ምግብ ቤት፣ ሳልሞን የተባለውን ዓሣ በበርበሬ አሽቶ አቅርቧል። ሳልሞን ስባም ነው፤ በርበሬው ስቡን ይሰብረዋል፣ ቃናም ይሰጠዋል። ቢወጣ ይጎድላል። ለመልክ ብቻ ከላይ የተነሰነሰ ሰሊጥ ወይም ቃሪያ ግን ቢወጣም ማንም አያስታውሰውም።

ለጿሚ የመጨረሻው ፈተና ጥያቄ ነው። «የአትክልት» የተባለው የታይላንድ ካሪ ብዙ ጊዜ የዓሣ ሶስ አለበት። የጃፓኑ ሚሶ ሾርባ የሚሠራው በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣ በወጣ መረቅ ነው፤ የቻይናው ጎመን ላይም የኦይስተር ሶስ ሊጨመር ይችላል። ራመን የተባለው የኑድል ሾርባ መረቅ ከአሳማ አጥንት የሚወጣበት ቤት ብዙ ነው፤ ይህ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ይመለከታል። አስተናጋጁ ወዲያው ከመለሰ፣ ወይም ጓዳ ገብቶ አጣርቶ ከመጣ ቤቱ ሥራውን ያውቃል። «ምንም የለበትም» ብሎ በግምት የሚያልፍ ቤት ግን ቅመሙንም በግምት ሳያደርግ አይቀርም።

በሩዙ፣ በቁሌቱና በመልሱ ያለፈ ቤት ዋጋው ወደድ ቢልም ተመልሰው ቢሄዱበት፣ ወዳጅም ቢጋብዙበት አያሳፍርም። ቁሌቱ ላይ የወደቀውን ግን መብራቱና ጌጡ አያድነውም፤ ሒሳብ ከፍሎ ሌላ ቤት መፈለግ ነው።