መጨረሻ የምትነቀለው ሽቦ

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ውስጥ እንጀራ ጋግራ ከምትሸጥ ሴት ማድቤት ከገባችሁ፣ ከምጣዱ በፊት ወለሉን እዩ። ጋጋሪዋ የምትቆምበት ቦታ ላይ መሐሉ በእግር የተበላ ጣውላ ተነጥፎ ከሆነ ምጣዱ ይነዝራል ማለት ነው። «ጠቅ ያደርጋል እንጂ ምንም አይል» ይሏችኋል። እጇ ሊጥ ነክቷል፣ ወለሉ እርጥብ አፈር ነው፣ ከፊቷ ያለው ደግሞ 220 ቮልት ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሸክላው ሥር የሚግል ሽቦ ተዘርግቶለታል፤ ዙሪያውን ላሜራ ይይዘዋል። ሸክላው ሲሰነጠቅ፣ ሽቦው ሲላላ ወይም የኬብሉ ልባስ በሙቀት ሲጠበስ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ፣ ፌዙ፣ ላሜራውን ይነካል። ምጣዱ ግን መጋገሩን አይተውም። ላሜራው ኤሌክትሪኩን ተሸክሞ መውረጃ ይጠብቃል፤ መውረጃ የምትሆነው ጋጋሪዋ ናት። መንገድ ዳር በድንጋይ ላይ የተቀመጡት የኮንቴነርና የቆርቆሮ ሱቆችም ከዚህ አያመልጡም፤ ብዙዎቹ መብራት የሚያገኙት ሁለት ሽቦ ብቻ ባለው ኤክስቴንሽን ከጎረቤት ተስቦ ነው። 

ፍኖተ ሰላም አንዲት ጋጋሪ ቤት ግራውንድ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦና ዘንግ፣ ሲሠራ ቆሜ ያየሁት ወጣት ኤሌክትሪሻን ግን ይህን ሁሉ አስቦበት ነበር የመጣው። የመጀመሪያ ሥራው ብሬከሩን ማጥፋት፣ ቀጥሎ በቴስተር መጥፋቱን ማረጋገጥ ሆነ። ጋጋሪዋ ምጣዷን ልታነሳለት እጇን ስትዘረጋ «ይቆዩ እትዬ፣ እኔ ሳልነግርዎት አይንኩት» አላት።

ከዚያ ግቢውን ዞረ። ዘንጉን ለመትከል የመረጠው ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብ የሚያርፍበትንና የዕቃ እጣቢ የሚደፋበትን ጥግ ነው። የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፤ ክረምት ላይ ኤሌክትሪክ በደንብ ይቀበላል፣ በጋ ሲደርቅ ግን እንቢ ይላል። ስለዚህ ቦታ የሚመረጠው የካቲትና መጋቢትን አስቦ ነው። ጋጋሪዋ ጨው ላምጣልህ ብትለው አልተቀበላትም። ጨው አፈሩን ለጊዜው ቢያግዝም ዝናብ ያጥበዋል፣ እስኪታጠብ ደግሞ ብረቱን ይበላል።

መዳብ የለበሰውን የአንድ ሜትር ተኩል ዘንግ ከመምታቱ በፊት ሽቦውን የሚጨብጠውን ማሰሪያ አስቀድሞ አጠለቀበት። እኔ ምክንያቱ የገባኝ መዶሻው ደጋግሞ ካረፈ በኋላ ነው፦ የዘንጉ ራስ ተደፍጥጦ ሰፋ፤ ከዚያ ወዲያ ማሰሪያ አያስገባም። ሁለተኛውን ዘንግ ከመጀመሪያው ሁለት ርምጃ ያህል አርቆ ተከለው። አጠገብ ለአጠገብ ቢተክላቸው ሁለቱም ያንኑ አፈር ይሻማሉ፤ ትርፉ የብረት ወጪ ነው። የዘንጎቹንም ራስ አልቀበረም፤ በብሎኬት ዙሪያቸውን ከብቦ የሚነሳ ክዳን ገጠመላቸው።

ምጣዱ ጋ ሲመጣ ሥራው ይበልጥ ረቀቀ። ላሜራው ቀለም የተቀባ ነበርና ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፤ ከሥሩ ጥርስ ያላት ሮንዴላ አስገባ። ቀለም ላይ የታሰረ ግራውንድ ለዓይን እንጂ ለኤሌክትሪክ አልታሰረም። ሶኬቱን ፈትቶ ሲያስር ደግሞ አረንጓዴና ቢጫዋን የግራውንድ ሽቦ ከፌዙና ከመመለሻው ሽቦ ከኒውትራሉ አስረዝሞ፣ ትንሽ አጥፎ አስገባት። ኬብሉ አንድ ቀን ተጎትቶ ቢነቀል ፌዙ ቀድሞ ይለቃል፣ ግራውንዷ መጨረሻ ትቀራለች። ይህን ማንም አይጠይቀውም፤ ሶኬቱ ሲዘጋ ማንም አያየውም። እኔ ግን የወጣቱን ሙያ የለካሁት በዚያች ትርፍ ሽቦ ነው፤ የሚሠራው ሁሉም ነገር ደህና ለሆነበት ቀን ሳይሆን ነገር ለሚበላሽበት ቀን ነው።

በየቤቱ የሚታይ አንድ አቋራጭ አለ፦ ዘንግ መትከሉን ትቶ የሶኬቱን ግራውንድ እዚያው ከኒውትራሉ ጋር ማገናኘት። ሲፈተሽ የሚሠራ ይመስላል። ኒውትራሉ አንድ ቦታ ላይ የተበጠሰ ዕለት ግን የምጣዱ፣ የፍሪጁ፣ የምድጃው አካል በሙሉ ፌዝ ይሆናል። ወጣቱ ይህን ሲያነሳ ድምፁ ውስጥ ቁጣ ነበረበት፤ ተገቢ ቁጣ ነው።

ዘንግ ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ኪሎዋት ተኩል የሚወስድ ምጣድ 16 አምፒር ያህል ስለሚስብ ብሬከሩ 20 ይሆናል እንበል። መሬቱ 50 ኦም ቢከለክል፣ 220 ለ50 ሲካፈል በዘንጉ የሚወርደው 4.4 አምፒር ነው። ለብሬከሩ ይህ ከአንድ የሻይ ማፍያ አይበልጥም፤ አይወርድም፣ ላሜራውም እንደነዘረ ይቆያል። ሰውን ለመግደል ግን ከአንድ አምፒር አንድ አሥረኛ እንኳ ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ ቦርዱ ውስጥ ባለ 30 ሚሊአምፒር አርሲዲ ገባ። ይህ ዕቃ በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊአምፒር ከደረሰ ከሰከንድ ሦስት አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ዘንጉ ለሚያፈተልከው ኤሌክትሪክ መንገድ ይሰጠዋል፣ አርሲዲው በዚያ መንገድ መሄዱን አይቶ ያጠፋል።

መብራቱን ከለቀቀ በኋላ በመልቲሜትሩ አንዱን ጫፍ ላሜራው ላይ፣ ሌላውን እርጥቡ ወለል ላይ ባቆመው ሚስማር ላይ አድርጎ ለካ። ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ ቆመ። ቀጥሎ «አሁን እርስዎ ይጫኑት እትዬ» ብሎ የአርሲዲውን መፈተሻ ቁልፍ አስጫናት፤ ጠቅ ብሎ ወረደ፣ ማድቤቱ ጨለመ፣ እሷም ሳቀች።

ግራውንድ የምታሠሩ ሁሉ፣ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ክዳኑን አስነስታችሁ ዘንጉን እዩ፣ ያችን ቁልፍም ራሳችሁ ተጫኑ። ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ ጊዜ መጫን ነው፤ ተጭናችሁ መብራቱ ካልጠፋ ምጣዱን ነቅላችሁ ባለሙያ ጥሩ።