«ቀበቶውን ይፍቱ»፤ ስለ አንድ የሣር መከርከሚያ መመሪያ ትርጉም

ለግምገማ የደረሰን ጽሑፍ ዐሥራ ሁለት ገጽ ነው። በትራክተር ኋላ ተገጥሞ የሚሠራ የሣር መከርከሚያ ቺንጋው ሲያልቅ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ መመሪያ ነው። ዐረፍተ ነገሩ የጸዳ፣ ፊደሉም የተጠነቀቀ በመሆኑ ተርጓሚውን እናመሰግናለን። ሆኖም ይህ ጽሑፍ እንደ ልብ ወለድ በወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያነቡት አይደለም፤ አንባቢው እጁን ስለቱ አጠገብ አድርጎ ነው የሚያነበው። እኛም የመዘንነው በዚሁ ሚዛን ነው።

ከላይ «ቺንጋ» ያልነውን ተርጓሚው «ቀበቶ» ይለዋል። ቃሉ ለብቻው ሲታይ ነቀፋ የለበትም። ገጽ 2 ላይ ግን «ሞተር ከማስነሣትዎ በፊት ቀበቶዎን ይሰሩ» ይላል፤ ይህ የነጂው የደኅንነት ቀበቶ ነው። ገጽ 4 ላይ «ቀበቶውን ከመፍታትዎ በፊት ሞተሩን ያጥፉ» ይላል፤ ይህ ደግሞ ስለቱን የሚያዞረው ነው። ሁለቱን የሚለያቸው «ዎን» እና «ውን» ብቻ ነው። ገጽ 6 ላይ «ቀበቶው መታሰሩን ያረጋግጡ» የሚለውን ስናነብ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እንግሊዝኛውን ማየት ግድ ሆኖብናል። ሠራተኛው ግን እንግሊዝኛውን ማየት ቢችል ኖሮ ትርጉሙ ባላስፈለገው ነበር።

ቺንጋ ከጣሊያንኛው ቺንግያ የመጣ የጋራዥ ቃል ነው ተብሎ ይናቃል። ጣሊያንኛው ራሱ «መታጠቅ» ከሚለው የላቲን ግስ የተገኘ በመሆኑ መካኒኩና ተርጓሚያችን ሳይተዋወቁ በአንድ መንገድ ሄደዋል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ለእኛ ቺንጋ ከወገብ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው መሆኑ ነው። ባዕድነቱ ጠቅሞታል፤ አንድ ነገር ብቻ ይጠራል።

«ጠፍር» እንዲባል የሚሹ አሉ፤ ሐሳባቸውም የሚናቅ አይደለም። የጥንቶቹ ፋብሪካዎች መዘውር ይዞር የነበረው በእርግጥም በቆዳ ጠፍር ነበር። ጀርመኖችም የዛሬውን ባለ ጎማ ቺንጋ ካይልሪመን ማለትም «ሽብልቅ ጠፍር» ይሉታል። ነገር ግን በአማርኛ ጠፍር የአልጋ ነው፤ ጠፍሮ ያስራል እንጂ አያዞርም። ከጀርመኖቹ መውሰድ የሚገባን «ሽብልቅ» የሚለውን ነው። ተርጓሚው «የቪ ቅርጽ ቀበቶ» ያለው የላቲን ፊደል ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውም። «ሽብልቅ ቺንጋ» ቢባል ግን ቅርጹን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ያሳያል፤ ቺንጋው በመዘውሩ ቦይ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ገብቶ የሚይዘው በሁለት ጎኑ ነውና። አልቆ የቦዩን ወለል ከነካ ይንሸራተታል፤ መለወጫው ደርሷል ማለት ነው።

ከሁሉ ያስገረመን «ሥራ ፈት መዘውር» የሚለው ስያሜ ነው። እንግሊዝኛው እንዲህ ያለው መዘውሩ ኃይል ወደ ስለት ስለማያደርስ ነው። በእኛ አነጋገር ግን ሥራ ፈት ስድብ ነው፤ ለዕቃ ሲሆንም የተበላሸ፣ የማያስፈልግ ማለት ይመስላል። ይህ መዘውር ደግሞ በሞላ እየተሳበ ቺንጋውን ቀን ሙሉ ወጥሮ የሚይዝ ነው። «ወጣሪ መዘውር» ቢባል ተግባሩ ከስሙ ይነበባል። ስሕተቱ በስሙ ብቻ አልቀረም። «ሥራ ፈት መዘውሩን ያጥብቁ» የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? መፍቻ አንሥቶ የክንዱን ብሎን እስኪችል ያጠብቃል። ክንዱ መወዛወዝ ሲያቅተው ሞላው ሥራውን ያቆማል፤ አዲሱ ቺንጋ ጥቂት ሲለጠጥ ይላላል፣ ይንሸራተታል፣ በሙቀትም ይቃጠላል። ብሎን ይጠብቃል፤ ቺንጋ ይወጠራል። ሁለቱን ግሶች ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል።

«ኃይሉን ያጥፉ» የሚለው የበለጠ አደገኛ ነው። ከትራክተሩ ኋላ ወጥቶ በደቂቃ 540 ዙር የሚሽከረከረው የኃይል ማውጫ ዘንግ በራሱ ማንሻ ይላቀቃል እንጂ አይጠፋም። «ያጥፉ» የተባለ ሰው ሞተሩን ያጠፋና ማንሻውን እንዳለ ይተወዋል። በአሮጌ ትራክተሮች ላይ ሌላ ሰው መጥቶ ሞተሩን ቢያስነሣ ስለቶቹ ወዲያውኑ ይዞራሉ። ቀጥሎ ያለው «ቁልፉን ይንቀሉ» እንዲሁ ነው፤ መመሪያው መዘውሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውንም ትንሽ ብረት «ቁልፍ» ብሎታል።

ገጽ 4 እንዲህ ቢታረም እንመርጣለን፦ «የኃይል ማውጫውን ዘንግ ያላቁ። ሞተሩን ያጥፉ፤ የማስነሻ ቁልፉን ነቅለው በኪስዎ ይያዙ። ስለቶቹ ፈጽሞ እስኪቆሙ ይጠብቁ። ከዚያ መከለያውን ያንሡ። ወጣሪውን መዘውር ወደ ኋላ ስበው ቺንጋውን ያላሉና ያውጡ። አዲሱን በሥዕሉ መሠረት ያስገቡ፤ በካቻቢቴ ፈልቅቀው አያስገቡ፣ የውስጥ ክሩ ይበጠሳልና።» ዘንጉን ከመከርከሚያው ሳይነቅሉ ቺንጋው በማይወጣበት ሞዴል ላይ አንድ መሥመር መጨመር ይኖርበታል።

ሌላው ጥቃቅን ነው። «የመጨረሻ ማጨጃ» የሚለው ርእስ እንኳ «የሣር መከርከሚያ» ቢሆን ይበቃዋል። ገጽ 4 ሳይታረም ግን መመሪያው ለሠራተኞች ባይታደል እንላለን።