ያልተቆጠረው ወንበር

ባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዌልች ሕክምና ቤተ መጻሕፍት የንባብ አዳራሽ ውስጥ፣ ጆን ሲንገር ሳርጀንት እ.ኤ.አ. በ1906 የጨረሰው ግዙፍ ሥዕል ተሰቅሏል። የሆፕኪንስ ሕክምና መሥራቾች የሚባሉት አራት ሐኪሞች፣ ዌልች፣ ሃልስተድ፣ ኦስለርና ኬሊ፣ ካባቸውን ደርበው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይታያሉ። ጠረጴዛው ላይ መጻሕፍት አሉ። ስለዚሁ ቤተ መጻሕፍት የተጻፈ አንድ ምዕራፍ ሳነብ ሐሳቤ ደጋግሞ ወደዚያ ጠረጴዛ ይሄድብኝ ነበር።

የምዕራፉ ጸሐፊ ካትሊን በር ኦሊቨር ናቸው። ጽሑፉ የወጣው «ቤተ መጻሕፍት እንደ ቦታ» በተሰኘው የስድስት ጽሑፎች መድበል ውስጥ ሲሆን፣ መድበሉን በ2005 ያሳተመው ያኔ ዋሽንግተን ይገኝ የነበረው የቤተ መጻሕፍትና የመረጃ ሀብት ምክር ቤት ነው። ሐሳባቸው ደፋር ነው። ሐኪሙና ተመራማሪው ጽሑፉን ባለበት ሆኖ በኮምፒውተር ማንበብ ከቻለ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ለምን ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል? ተነሥቶ ይሂድ፤ ሕንጻው መነሻ እንጂ መድረሻ አይሁን ነው የሚሉት።

ዘመኑ ይህን ያስብል ነበር። የሕክምና ጽሑፎች የኮምፒውተር መፈለጊያው ፐብሜድ በ1997 ለሁሉም በነጻ ተከፍቷል። ጆን ሾው ቢሊንግስ በ1879 የጀመሩት የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ፣ ኢንዴክስ ሜዲከስ፣ በ2004 ማብቂያ መታተሙን አቁሟል። እኚህ ቢሊንግስ የሆፕኪንስን ሆስፒታል ያቀዱ ሰው ናቸው፤ አብረዋቸው የሠሩት ፊልዲንግ ጋሪሰንም ኋላ የዌልች ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነዋል። ቤቱ በ1929 ሲመረቅ ማውጫው፣ መደርደሪያውና ወንበሩ አንድ ሆነው የቆሙ ነበሩ፤ ማውጫ ሊያገላብጥ የመጣ ሰው መጽሔቱን ከመደርደሪያ አውርዶ እዚያው ያነብ ነበር። ማውጫው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ መደርደሪያው ተከተለው። ወንበሩስ? ምዕራፉ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው ስፍራ ጠባብ ነው።

ኦሊቨር ስለ ባለሙያው ሥራ የሚሉትን ግን ከልቤ እቀበላለሁ። አንዱ ጽሑፍ በሽታውን በአንድ ስም ሲጠራው ሌላው በሌላ ይጠራዋል። ሁለቱንም የሚይዝ ፍለጋ ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጥያቄው ተረቅቆ፣ ጥናቱ ተጀምሮ ካለቀ በኋላ ቤተ መጻሕፍት የሚመጣ ተመራማሪ ዘግይቷል። ጥያቄው ገና ሲጸነስ አጠገቡ የተቀመጠ ባለሙያ ግን የጥናቱን አቅጣጫ ሊያቃና ይችላል። ስለ ባለሙያው ክብር ይህን ያህል የሚጨነቅ ጽሑፍ ብዙ አላነበብኩም።

የማልስማማው ከዚህ በኋላ ነው። በጽሑፉ ዓይን ተጠቃሚ ማለት በዋናነት ቢሮ ወይም ላቦራቶሪ ያለው ሰው ነው። ተማሪው ቢሮ የለውም። የጤና ተማሪ ሳለሁ የነበርንበት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያው ባረጁ መጻሕፍት የተሞላ ነበር፤ አብዛኞቻችን የምናነበው በእጃችን የያዝነውን ሃንዳውት ነበር። ሆኖም ለፈተና ሰሞን ጎህ ሳይቀድ ሄደን፣ ደብተር አስቀምጠን ቦታ ካልያዝን መቀመጫ አናገኝም ነበር። ዶርም ውስጥ አንዱ ሲተኛ ሌላው መብራት ማብራት አይችልም፤ ላይብረሪ ግን መብራት አለ፣ ዝምታ አለ፣ አጠገብህ አንገቱን ደፍቶ የሚያነብ ሰው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ሂናሪ የተባለውን መርሐ ግብር ከፍቶ ከዚያ በፊት ደጃቸው የማንደርሳቸው መጽሔቶች እንደ እኛ ላሉ አገሮች ሲደርሱም ያ የመቀመጫ ሽሚያ አልቀረም። ሽሚያው መጀመሪያም ለመጽሔቱ አልነበረምና።

የሚገርመኝ መልሱ እዚያው መድበል ውስጥ መኖሩ ነው። ስኮት ቤኔት በዚሁ ጥራዝ፣ ቤተ መጻሕፍት ሲታቀድ ዋናው ጥያቄ ቤቱ ምን አገልግሎት ይሰጣል ሳይሆን ሰው እንዴት ይማራል የሚለው ይሁን ሲሉ ይሞግታሉ። ሁለቱ ጽሑፎች በአንድ ጥራዝ ተጠርዘው እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ ይህን ጉድለት የምጥለው በመድበሉ አዘጋጅ ላይ ነው።

በ2011 የዌልች ሕንጻ ለተጠቃሚዎች እንደሚዘጋ ተነገረ። ቅሬታ በረታ፣ ውሳኔውም ሳይፈጸም ቀረ። ኦሊቨር ይህን አስቀድመው እንዲያውቁ አይጠበቅም። ይሁንና ሐሳባቸው ለእንዲህ ዓይነት ውሳኔ ምን ያህል እንደሚመች ማየት ይችሉ ነበር እላለሁ። መደርደሪያ የተነሣበት ወለል ባዶ ሆኖ አይከርምም። ቢሮ የጠበበው የትምህርት ክፍል ያየዋል፣ ዲኑም ያየዋል። «ሕንጻው ለእኛ ዋና ነገር አይደለም» ያለ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ወለሉ ለማን ይሰጥ በሚባልበት ስብሰባ ላይ ምን ብሎ ይከራከራል? አንዴ ቢሮ የሆነ የንባብ ክፍል ተመልሶ የንባብ ክፍል ሲሆን ደግሞ እምብዛም አይታይም።

በየትምህርት ቤቱ በመደርደሪያው ቦታ የሚገቡትን የቡድን ውይይት ክፍሎች አልቃወምም። ሕክምና በቡድን የሚሠራ ሙያ ነው፤ ሳርጀንትም አራቱን ሰዎች ለየብቻ አልሳላቸውም። ግን ከሰላሳ ሰዓት ተረኝነት የወጣ ኢንተርን ሁልጊዜ መወያየት አይፈልግም፤ ማንም የማያናግረው ወንበር ይፈልጋል።

ምዕራፉ ይነበብ፤ በተለይ ቤተ መጻሕፍት ለማደስ በጀት የያዙ ኃላፊዎች ያንብቡት። ከእሱ በፊት ግን ቤኔትን ያንብቡ። ከዚያ ከምሽቱ በአራት ሰዓት ወደ ኮሌጃቸው የንባብ ክፍል ገብተው ወንበር ይቁጠሩ፤ ሰው የሌለባቸውን፣ ደብተር ብቻ የተቀመጠባቸውንም ጨምረው።